ምሰሶና ማገር፦ የመነሻ ቴም አሠራር ከውስጥ ሲታይ

ቴም የድረ ገጽን መልክና አወቃቀር የሚወስን የፋይሎች ስብስብ ነው። የድረ ገጽ ባለሙያዎች «ስታርተር ቴም» የሚሉትን መነሻ ቴም አውርዶ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚከፍት ሰው ብዙውን ጊዜ ቅር ይለዋል። ቀለም የለው፣ ሥዕል የለው፣ ያማረ ፊደል የለው። ነጭ ገጽ ላይ የጣቢያው ስም በጥቁር ተጽፎ፣ ከሥሩ ሜኑው ያለ ጌጥ ተደርድሮ፣ ጽሑፉ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ ተዘርግቶ ይታያል። ከባዱ ውሳኔ ግን ያለቀው እዚህ ነው። የጭቃ ቤት ሲሠራ ምሰሶው ቆሞ ማገሩ ከታሰረ፣ ጭቃው ገና ሳይመረግ ቤቱ ስንት ክፍል እንዳለውና በሩ በየት በኩል እንደሆነ ይታወቃል። መነሻ ቴምም እንደዚሁ የገጹን ክፍሎች፣ ስማቸውንና ቅደም ተከተላቸውን ወስኖ ያስረክበናል። ቀለሙና ፊደሉ የእኛ ፋንታ ነው። ብዙ ሰው ድካሙን ሁሉ በቀለሙ ላይ ያደርጋል፤ እኔ ግን አንባቢን የሚጠቅመውም የሚጎዳውም ከሥር ያለው አሠራር ነው ብዬ አምናለሁ፤ ይህ ምዕራፍም የተጻፈው ስለ እሱ ነው።

በምሳሌነት የምይዘው አንድ ቴም ብቻ ነው፤ አንደርስኮርስ። አውቶማቲክ የተባለው፣ ዎርድፕረስ ዶት ኮምን የሚያስተዳድረው ኩባንያ በ2012 ለሕዝብ የለቀቀው ነው (በዚህ ምዕራፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በወቅቱ ያስተዋወቀው ኢያን ስቱዋርት ሲሆን፣ ቴም ለሚሠራ ሰው የሺህ ሰዓት ሥራ አስቀድሞ እንደሚያቃልል በመግለጽ ነበር ያቀረበው። ማንም በነጻ ወስዶ፣ በራሱ ስም ሰይሞ፣ እንደፈለገ ቆርጦና ቀጥሎ እንዲሠራበት ታስቦ የተዘጋጀ ነው። በእሱ ላይ የተገነቡ ቴሞች እጅግ ብዙ ስለሆኑ፣ የእሱን አሠራር ያወቀ ሰው የሌላ ሰው ቴም ሲከፍትም ግራ አይጋባም።

መጀመሪያ ፋይሎቹ ለምን እንደተከፋፈሉ እንይ። የድረ ገጽ መሥሪያና ማስተዳደሪያ ሶፍትዌር የሆነው ዎርድፕረስ በ2003 ሲጀመር የጣቢያው ፊት በአንድ ፋይል ውስጥ የተጠቃለለ ነበር። በፌብሩዋሪ 2005 የወጣው ዎርድፕረስ 1.5 የቴም ሥርዓትን ይዞ መጣ፤ ከእሱ ጋር የማይክል ሃይልማን ሥራ የሆነው ኩብሪክ ነባሪ ቴም ሆኖ ቀረበ። ከዚያ ወዲህ ራስጌው በአንድ ፋይል፣ ግርጌው በሌላ፣ የጎኑ ዓምድ ደግሞ በሦስተኛ ፋይል መቀመጥ ጀመረ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የጣቢያው ስምና ሜኑ በየገጹ አናት ላይ ይደጋገማል፤ የባለቤትነት መብቱና አድራሻው በየገጹ ግርጌ ይደጋገማል። በእያንዳንዱ ፋይል ላይ ደጋግሞ ከመጻፍ አንድ ጊዜ ጽፎ በየገጹ መጥራት ይሻላል። ስልክ ቁጥር ሲቀየር አንድ ቦታ ይታረማል፣ ጣቢያው በሙሉ ይታረማል።

አሁን የአንደርስኮርስን የራስጌ ፋይል ከፍተን ከላይ ወደ ታች እናንብበው። የመጀመሪያው መስመር ሰነዱ ኤችቲኤምኤል መሆኑን ለብራውዘሩ ይናገራል። ሁለተኛው ገጹ በምን ቋንቋ እንደተጻፈ ይናገራል፤ ለእኛ ከሁሉም የሚበልጠው ይህ መስመር ስለሆነ ወደ መጨረሻው እመለስበታለሁ። ቀጥሎ «ሄድ» የሚባለው ለዓይን የማይታይ ክፍል ይመጣል፤ ፊደሉ በዩቲኤፍ 8 የተቀመጠ መሆኑን፣ ገጹም በስልኩ ስፋት ልክ መዘርጋት እንዳለበት የሚያዙ መስመሮች እዚህ ናቸው። ከዚያ «ቦዲ» ይከፈታል፤ አንባቢው የሚያየው ሁሉ የሚገባው እዚህ ውስጥ ነው። በቦዲው ውስጥ «ፔጅ» የሚል መለያ የተሰጠው አንድ ትልቅ «ዲቭ» ይከፈታል። ዲቭ ሌሎችን ከመያዝ በቀር የራሱ ትርጉም የሌለው ሳጥን ነው። በውስጡ በመጀመሪያ ወደ ዋናው ጽሑፍ የሚያዘልል፣ በተለመደው ጊዜ የማይታይ ሊንክ አለ። ቀጥሎ «ሄደር» የሚለው ታግ፣ ማለትም የኤችቲኤምኤል ምልክት፣ ይመጣል፤ የጣቢያው አርማና ስም፣ ካለም አጭር መግለጫው፣ በመጨረሻም «ናቭ» በሚለው ታግ ውስጥ ዋናው ሜኑ። ሜኑው በስልክ ላይ እንዲታጠፍና እንዲዘረጋ የሚያደርግ አዝራርም አለው፤ አዝራሩ በዚያች ቅጽበት ሜኑው ክፍት ይሁን ዝግ የሚናገር ምልክት ተያይዞለታል፤ ለዓይነ ስውራን ገጹን በድምፅ የሚያነበው ስክሪን ሪደር የሚያነበው እሱን ነው። ናቭ ይዘጋል፣ ሄደርም ይዘጋል። ፋይሉ እዚህ ያልቃል።

ትልቁ ሳጥን ግን አልተዘጋም። ቦዲውም አልተዘጋም። ጀማሪን የሚያደናግረው ይህ ነው። የሚዘጉት በሌላ ፋይል፣ በግርጌው ፋይል መጨረሻ ላይ ነው። በሁለቱ መካከል ገጹ እንደየዓይነቱ ይለያያል፤ ነጠላ ጽሑፍ ሲከፈት አንዱ ፋይል ይገባል፣ የፍለጋ ውጤት ሲሆን ሌላው፣ ገጹ ሳይገኝ ሲቀር ደግሞ ሌላው። ዎርድፕረስ ለተጠየቀው ገጽ በጣም የሚቀርበውን ፋይል ይፈልጋል፤ ካጣ ሁሉንም የሚቀበለውን «ኢንዴክስ» የተባለውን ፋይል ይጠቀማል። ስለዚህ አንባቢ እንደ አንድ ገጽ የሚያየው ከሦስት፣ ከአራትና ከዚያም በላይ ከሆኑ ፋይሎች የተቀጣጠለ ነው፤ የትኛውም ፋይል ለብቻው ሙሉ ሰነድ አይደለም።

ይህ አሠራር ጣጣ አለው። ኤችቲኤምኤል ስህተትን ችሎ የሚያልፍ ቋንቋ ነው። አንድ መዝጊያ ታግ ቢጎድል ብራውዘሩ አይጮህም፣ ገጹንም አላሳይም አይልም፤ ይዘጋል ብሎ በገመተው ቦታ ራሱ ይዘጋዋል። ግምቱ ሲስት የጎኑ ዓምድ ከጽሑፉ ሥር ወድቆ ይገኛል፣ ወይም ግርጌው የጽሑፉ ዓምድ ውስጥ ገብቶ ተጨቁኖ ይታያል። ችግሩን የሚፈልገው ሰው ደግሞ ብልሽቱ የሚታይበትን የግርጌ ፋይል ሲመረምር ይውላል፤ የጠፋው ታግ ግን ሌላ ፋይል ውስጥ ነው። የአንደርስኮርስ ሠሪዎች ይህን ስለሚያውቁ ከብዙዎቹ መዝጊያ ታጎች ጎን የተዘጋውን ሳጥን ስም በማስታወሻ መልክ ጽፈዋል፤ ለብራውዘሩ ምንም ትርጉም የለውም፣ ለሚቀጥለው ሠራተኛ ግን ትልቅ ውለታ ነው። ቴም ስታሻሽሉ እነዚያን ማስታወሻዎች አትሰርዙ።

ወደ ገጹ መሐል እንግባ። በዛሬው አንደርስኮርስ ዋናው ይዘት የሚቀመጠው «ሜይን» በሚል አንድ ታግ ውስጥ ነው። በቀደሙት ዓመታት ግን ነገሩ እንዲህ አልነበረም። «ኮንቴንት» የሚል ዲቭ ይከፈታል፤ በእሱ ውስጥ «ፕራይመሪ» የሚል ሌላ ዲቭ፤ በእሱም ውስጥ ሜይን። ለአንድ ጽሑፍ ሦስት ሳጥን ምን ያደርጋል? መልሱ የድረ ገጽን ታሪክ አንድ ትልቅ ቁራጭ ይዟል።

በ1990ዎቹ ገጽን በዓምድ መክፈል የፈለገ ሰው የሚጠቀመው ለቁጥር ሰንጠረዥ የተፈጠረውን «ቴብል» ነበር። ሰንጠረዥ በሰንጠረዥ ውስጥ፣ በመካከሉ ክፍተት ለመፍጠር የማይታይ የአንድ ፒክስል ሥዕል። የገጽን መልክ የሚወስነው ቋንቋ ሲኤስኤስ በ1996 መጨረሻ እንደ ደንብ ሲወጣ መልክን ከይዘት ለመለየት መንገድ ከፈተ፤ ሆኖም ዓምድ ለመሥራት ታስቦ የተዘጋጀ መሣሪያ አልነበረውም። የነበረው «ፍሎት» ነው፤ እሱም የተሠራው ሥዕልን ወደ ጎን አድርጎ ጽሑፉ ዙሪያውን እንዲፈስ ነው። ሠሪዎች ግን በዚሁ ከአሥር ዓመት በላይ ዓምድ ሠሩበት።

የቀድሞው አንደርስኮርስ ሁለት ዓምድ የሚሠራው እንዲህ ነው። የውጨኛው ሳጥን፣ ፕራይመሪ፣ ወደ ግራ ተደርጎ ሙሉውን ስፋት መቶ በመቶ ይይዛል፤ የቀኝ ኅዳጉ ግን ከዜሮ በታች 25 በመቶ ይደረጋል። ቀጥሎ የሚመጣው የጎን ዓምድ ይህን ሲያይ 25 በመቶ ቦታ የተተወለት ይመስለውና ሄዶ በቀኝ ይቆማል። ነገር ግን ጽሑፉ ከጎኑ ዓምድ ጋር እንዳይደራረብ ከውስጥ የሚገታው ያስፈልጋል፤ ስለዚህ የውስጡ ሳጥን፣ ሜይን፣ በቀኝ 25 በመቶ እውነተኛ ኅዳግ ይሰጠዋል። አንዱ ሳጥን ቦታ ያስለቅቃል፣ ሌላው ቦታውን ያስከብራል። ይህ ዘዴ የቆመው በሁለቱ ሳጥኖች ላይ ነበር። በቴሙ ውስጥ ለዓምድ አቀማመጥ ብቻ የተለየ አቃፊም ነበር፤ አንዱ ፋይል የጎኑን ዓምድ ወደ ቀኝ፣ ሌላው ወደ ግራ ይወስደዋል። ኤችቲኤምኤሉ አንዲት ፊደል አይለወጥም። የመነሻ ቴም ጥበብ በአንድ ቦታ ተጠቃሎ ይታይ ከተባለ የማሳየው ያንን አቃፊ ነው።

በማርች 2017 ፋየርፎክስ፣ ክሮምና ሳፋሪ በአንድ ወር ውስጥ «ግሪድ» የተባለውን የሲኤስኤስ ሥርዓት ለተጠቃሚ ለቀቁ። ከእሱ በፊት የመጣው «ፍሌክስቦክስ» ተጨምሮበት ዓምድ መሥራት ከማታለል ወጣ። ለማታለያው ሲባል የቆመው ተጨማሪ ሳጥንም ሥራ ፈታ፤ አንደርስኮርስም አስወገደው። ዛሬ ፕራይመሪ የሚለው መለያ የተሰጠው በቀጥታ ለሜይን ታግ ነው። አሮጌ ቴም ከፍታችሁ ዲቭ በዲቭ ላይ ተደራርቦ ስታገኙ ሠሪውን አትውቀሱ፤ አብዛኛው ድርድር በዘመኑ የነበረ እውነተኛ ችግር የፈታ ነው። አዲስ ቴም ውስጥ ያንኑ ስታገኙ ግን መጠየቅ ተገቢ ነው።

ስለ ስም አወጣጥም ጥቂት ልበል። በ2005 የኤችቲኤምኤል 5 አርታኢ የነበረው ኢያን ሂክሰን በጎግል ከአንድ ቢሊዮን በላይ ሰነዶችን መርምሮ ሠሪዎች ለሳጥኖቻቸው የሚሰጡትን ስም ቆጠረ። በዝርዝሩ አናት አካባቢ «ፉተር»፣ «ሜኑ»፣ «ኮንቴንት»፣ «ሄደር»፣ «ናቭ» ነበሩ። ማንም ሳያዝዛቸው በየአገሩ ያሉ ሠሪዎች ወደ አንድ ዓይነት ስያሜ እየመጡ ነበር ማለት ነው። በ2014 የጸደቀው ኤችቲኤምኤል 5 ከእነዚህ አንዳንዶቹን እንደ ሄደር፣ ፉተርና ናቭ ያሉትን የቋንቋው ታጎች አደረጋቸው። ልዩነቱ ትልቅ ነው። ዲቭን «ናቭ» ብሎ መሰየም ለሠሪው ብቻ የሚገባ ምልክት ነው፤ ናቭ የሚለውን ታግ መጠቀም ግን ብራውዘሩም ስክሪን ሪደሩም «ይህ መሄጃ ዝርዝር ነው» ብለው እንዲያውቁ ያደርጋል።

ጥሩ ስም ነገሩ ምን እንደሆነ ይናገራል፤ የት እንደተቀመጠ አይናገርም። የጎኑ ዓምድ የተጻፈበት ፋይል በልማድ «ሳይድባር» ይባላል፤ በውስጡ ያለው ሳጥን ግን ለተጓዳኝ ነገር በተዘጋጀው «አሳይድ» ታግ ተሠርቶ «ሴኮንደሪ»፣ ሁለተኛ፣ የሚል መለያ ተሰጥቶታል። ይህ ትክክል ነው። በስልክ ላይ ጎን የሚባል ነገር የለም፤ ያ ሳጥን ከጽሑፉ ሥር ይሆናል። «የቀኝ ዓምድ» ተብሎ ቢሰየም ኖሮ በስልክ ላይ ስሙ ሐሰት ይሆን ነበር።

እያንዳንዱ ጽሑፍ ደግሞ «አርቲክል» በሚል ታግ ውስጥ ሆኖ የራሱ ሄደር፣ የራሱ አካልና የራሱ ፉተር አለው። ራስጌና ግርጌ የገጹ ብቻ አይደለም፤ ብራውዘሩም በአርቲክል ውስጥ ያለውን ሄደር ከጣቢያው ራስጌ ይለየዋል። ከሁሉ ይልቅ የማደንቀው ግን የርዕሱን አያያዝ ነው። ኤችቲኤምኤል ከአንድ እስከ ስድስት የርዕስ ደረጃ አለው። የጽሑፎች ዝርዝር በሚታይበት የፊት ገጽ ላይ የጣቢያው ስም አንደኛ ደረጃ ርዕስ ነው፤ የየጽሑፉ ርዕስ ሁለተኛ ደረጃ። አንባቢው አንዱን ጽሑፍ ሲከፍት የጣቢያው ስም ወደ ተራ አንቀጽ ይወርዳል፤ የጽሑፉ ርዕስ ወደ አንደኛ ደረጃ ይወጣል። በስክሪኑ ላይ መልካቸው ሳይለወጥ ሊቀር ይችላል። ብዙ ዓይነ ስውራን ገጽን የሚያስሱት ከርዕስ ወደ ርዕስ እየዘለሉ ስለሆነ ግን፣ ለእነሱ ይህ ልዩነት የሚፈልጉትን በማግኘትና በማጣት መካከል ያለ ልዩነት ነው።

ቅደም ተከተልም እንደዚሁ። በአንደርስኮርስ ፋይሎች ውስጥ ሜይን ከጎኑ ዓምድ ይቀድማል፤ ዓምዱ በግራ ቢታይም ከኋላ ነው የተጻፈው። ፍሌክስቦክስና ግሪድ ሳጥኖችን በዓይን ቦታ ማለዋወጥ ይችላሉ፤ የስክሪን ሪደሩንና የኪቦርዱን መንገድ ግን አይለውጡም። በዓይን አንድ ቅደም ተከተል፣ በጆሮ ሌላ የሆነ ገጽ የሚሠሩ ባለሙያዎች አሉ፤ እኔ ይህን እንደ ጉድለት እቆጥረዋለሁ። ቅደም ተከተል በኤችቲኤምኤል ይወሰን፤ ሲኤስኤስ የተወሰነውን ያስውብ። ከላይ ያነሳሁት የመዝለያ ሊንክም ሥራው እዚህ ነው፤ «ታብ» የሚለውን ቁልፍ የሚጫን ሰው በየገጹ ሜኑውን አንድ በአንድ ሳያልፍ ወደ ጽሑፉ ይገባል።

በጃንዋሪ 2022 ከወጣው ዎርድፕረስ 5.9 ወዲህ ሌላ ዓይነት ቴም ተስፋፍቷል፤ «ብሎክ» በተባሉ የገጽ ቁራጮች የሚሠራ። የገጹ አብነት ኤችቲኤምኤል ፋይል ሆኖ በአንድ አቃፊ፣ ራስጌና ግርጌ በሌላ አቃፊ ይቀመጣሉ፤ ቀለሙና ስፋቱ በአንድ የቅንብር ፋይል ይጻፋል። እያንዳንዱ ክፍል በተከፈተበት ፋይል ይዘጋል፤ በአንዱ ተከፍቶ በሌላው የሚዘጋው ሳጥን ታሪክ ሆኗል። ይህ ትልቅ መሻሻል ነው። በሌላ በኩል ሠሪው በመዳፊት ብሎክ በብሎክ ውስጥ ሲያስገባ ዲቮቹ ሳይታወቀው ይደራረባሉ። ዋናውን ይዘት የያዘው ብሎክ ሜይን የሚለው ታግ ካልተመረጠለት ደግሞ፣ ዎርድፕረስ ራሱ የሚጨምረው የመዝለያ ሊንክ ጭራሽ አይወጣም።

አሁን ወዳቆየሁት የቋንቋ መስመር። አንደርስኮርስ ቋንቋውን በቀጥታ አይጽፍም፤ የጣቢያው ቅንብር የሚለውን ወስዶ ያስገባል። ቅንብሩ በእንግሊዝኛ እንደተተወ አማርኛ የሚጻፍበት ጣቢያ፣ በየገጹ ሁለተኛ መስመር ላይ «ይህ ጽሑፍ እንግሊዝኛ ነው» እያለ ይናገራል። ስክሪን ሪደር ድምፁን የሚመርጠው ይህን መስመር አይቶ ነው። ኢስፒክ ኤንጂ የተባለው ነጻ የንባብ ድምፅ አማርኛን ያካትታል፤ ገጹ አማርኛ መሆኑን ካልነገርነው ግን በእንግሊዝኛው ሕግ ሊያነበው ይሞክራል። የሲኤስኤስ ትእዛዝም አማርኛውን ለይቶ የሚያገኘው በዚሁ መስመር ነው። በእስራኤል በአማርኛና በዕብራይስጥ፣ በባሕረ ሰላጤው አገሮች በአማርኛና በዐረብኛ ለሚሠራ ጣቢያ ጉዳዩ ይሰፋል፤ ከቀኝ ወደ ግራ የሚነበበው ቋንቋ ሲመረጥ ገጹ በሙሉ መገልበጥ አለበት። አንደርስኮርስ ለዚህ የተለየ የሲኤስኤስ ፋይል አዘጋጅቷል፤ ኤችቲኤምኤሉ ያው ነው። «ቀኝ» እና «ግራ» ተብሎ ያልተሰየመ ሳጥን ጥቅሙ እዚህ ላይ ደግሞ ይታያል።

ስለ መልኩም ሦስት ነገር ልጨምር። መነሻ ቴሞች የሚዘረዝሯቸው ፎንቶች የግዕዝ ፊደል የላቸውም፤ ስለዚህ ብራውዘሩ በስልኩ ላይ ያገኘውን ይወስዳል። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ወይም አቢሲኒካ ኤስአይኤልን በስም መጨመር ይበጃል። የመስመር ክፍተቱንም ከተሰጠው 1.5 ከፍ ያድርጉት፤ ፊደላችን ቁመቱን ሞልቶ ስለሚቆም ላቲኑ የሚበቃው ክፍተት ለእኛ ይጠባል። አጽንዖት ለመስጠት ፊደልን የሚያዘነብለውን ትእዛዝ ደግሞ ለአማርኛ ያጥፉት። አብዛኛው የግዕዝ ፎንት የተዘነበለ ቅርጽ ስለሌለው ብራውዘሩ ቀጥ ያለውን በግድ ያጣምመዋል፤ በደማቅ መጻፉ ይሻላል።

የአማርኛ ጣቢያ ካለዎት ዛሬውኑ ሁለት ነገር ያድርጉ። ገጹን ከፍተው «ታብ» የሚለውን ቁልፍ አንድ ጊዜ ይጫኑና የመዝለያው ሊንክ ብቅ ማለቱን ይዩ። ቀጥሎ ወደ ዎርድፕረስ ማስተዳደሪያ ገብተው «ሴቲንግስ»፣ ከዚያ «ጄኔራል» ይበሉና የጣቢያውን ቋንቋ አማርኛ ያድርጉት። የማስተዳደሪያው ገጽ ቋንቋ በእንግሊዝኛ እንዲቀጥል ከፈለጉ በራስዎ መገለጫ ሥር ለብቻው መምረጥ ይቻላል፤ አንባቢው የሚደርሰው ገጽ ግን በራሱ ቋንቋ ስም ይጠራ።